ለማያውቃት ልጅ የመረጠው ታብሌት

የቡና ገዢው ባየ በቴፒ የሚታወቀው በእጁ ነው። በቡና ወቅት ጆንያው ከመኪና ገና ሳይወርድ እጁን እስከ ክርኑ ይከትና፣ ከላይ ሳይሆን ከታች፣ ከጥጉ፣ አንድ ጭብጥ ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ያወጣል። መዳፉ ላይ ያንቀረቅበዋል፤ ጆሮው ሥር ያንኮሻኩሸዋል፤ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ይሰብራል። ከዚያ ቡናው ፀሐይ ላይ በደንብ ተሰጥቶ እንደሆነ፣ ዝናብ አግኝቶት እንደሆነ፣ ባለቤቱ ችኩል ይሁን ታጋሽ አንድ ባንድ ይናገራል። አይሳሳትም። ገበሬዎቹ ፊቱ ቆመው ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ዓይን ዓይኑን ያዩታል። አንድ ሰው ከአንድ ጭብጥ ፍሬ የማያውቀውን ሰው ጠባይ እንዲህ ሲያነብ ያየ ሁሉ ይገረማል፤ መገረሙም ትክክል ነው።

ከሥራው የተማረው ሌላም ነገር አለ። ገዢ የሚፈልገውን አይናገርም። የወደደውን ቡና ያናንቃል፤ ልቡ የዘለለለትን ጆንያ በጎን አይቶ ያልፋል፤ ለማን እንደሚገዛ ሲጠይቁት ሌላ ስም ይጠራል። ይህ ልማድ መጋዘኑ ውስጥ አልቀረም። ማታ ልብሱን ለውጦ ሲወጣም አብሮት ይወጣል።

ባየ ሚዛን ከተማ ውስጥ፣ አማን በሚባለው ሰፈር፣ ረድኤት የምትባል ልጅ አለችው። ከእናቷ ከአጸደ ጋር የተለያዩት ልጅቷ ትንሽ ሳለች ነው። ከቴፒ ሚዛን ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት ሚኒባስ የያዘ ሰው ለምሳ ይደርሳል። ባየ ግን አይሄድም። በመጀመሪያው ዓመት ጫማ ልኮላት ነበር። በሁለተኛው ዓመት ቡናው ማድረቂያው አልጋ ላይ እንዳለ ዝናብ መታውና እጁ ባዶ ሆነ፤ ባዶ እጁን መሄድ አፈረ። በሦስተኛው ዓመት፣ ባለፈው ስላልሄደ አፈረ። ከዚያ በኋላ ማፈሩ ራሱ ምክንያት ሆነ። ዓመታቱ በጫካው ወለል ላይ እንዳለ ቅጠል ተከመሩ፤ ከሥር ያለው ይበሰብሳል፣ ከላይ ያለው ገና ዛሬ የወደቀ ይመስላል።

በሰኔ፣ ቡና በሌለበት ጊዜ፣ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሳለ የሚዛን መስመር ሹፌር እንድርያስ መኪናውን አቁሞ ጠራው። የእንድርያስ ልጅ የሚማረው ረድኤት ትምህርት ቤት ነው።

«ስምህ ሚዛን ላይ ሲጠራ ሰማሁ» አለው እንድርያስ። «ረድኤት ባየ፣ አንደኛ። ቅዳሜ ትሸለማለች። ተሸላሚው ከወላጁ ጋር ነው መድረክ የሚወጣው።»

ባየ ደነገጠ። የራሱ ስም እሱ በሌለበት ትልቅ ግቢ ውስጥ ጮክ ተብሎ ይጠራ ኖሯል። ስንተኛ ክፍል እንደሆነች ሊጠይቅ አፉን ከፈተና ዘጋው። የልጁን ክፍል ከሹፌር የሚጠይቅ አባት ምን ዓይነት አባት ነው? «አውቃለሁ፣ ልሄድ ነው» አለ። እንድርያስ አንገቱን ነቅንቆ ሞተሩን አስነሳ።

የዚያን ለታ ባየ አንድ ነገር ብቻ ፈለገ፤ ቅዳሜ መድረኩ ላይ ከልጁ ጎን መቆም። እንዲያቆሙት ግን ይዞ የሚሄደው ነገር ያስፈልገዋል። ሰው ሁሉ ለተማሪ ልጅ ታብሌት ነው የሚገዛው ሲባል ሰምቷል።

የሹክሪያ ሱቅ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ነው። አባቷ ከጅማ መጥተው እዚያው የቀሩ ነጋዴ ነበሩ፤ አሁን ሱቁን የያዘችው እሷ ናት። ስልክ ትሸጣለች፣ የገጠሩን ሰው ስልክ ቻርጅ ታደርጋለች። ባየ ሲገባ ስልካቸው እስኪሞላ ግድግዳውን ተደግፈው የሚጠብቁ ሁለት ገበሬዎች ነበሩ። ሁለቱም ቡና ያመጡለታል። ቀና ብለው ሰላም አሉት።

«ታብሌት አለ?» አለ፣ እንዳልፈለገ ሰው ወደ ውጭ እያየ።

«ሞልቷል። ለማን ነው ጋሼ?»

«ለአንድ ሰው።»

«ያ አንድ ሰው ትልቅ ነው ትንሽ?»

«ልጅ ናት።»

ሹክሪያ ሦስት ትንንሽ ታብሌቶች መስታወቱ ላይ ደረደረች። የመጀመሪያው ጥቁርና ስስ ነው፤ ብዙ መጽሐፍ ይይዛል፣ ባትሪው ውሎ ያድራል፣ ለተማሪ ከዚህ የተሻለ የለም አለች። ሁለተኛው ሲም ይቀበላል፣ ይደውላል፤ ሚሞሪው ግን ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይሞላል። ሦስተኛው ወፍራም ቢጫ ጎማ የለበሰ፣ ሁለት ጆሮና መያዣ ያለው ነው። ፊደል ያስቆጥራል፣ መዝሙር ይዘምራል፣ ከሕፃን እጅ ቢወድቅ አይሰበርም።

ባየ ስክሪናቸውን አላየም። አንድ ባንድ እያነሳ መዳፉ ላይ አመዛዘናቸው። ጥቁሩ እንደ ባዶ እጅ ቀለለው። እሱ በሚያውቀው ዓለም ጥሩ ፍሬ ይከብዳል፤ ውሃ ውስጥ ሲጨምሩት ይሰምጣል። ቀላሉ ይንሳፈፍና ተለቅሞ ይጣላል።

«ይሄ ተንሳፋፊ ነው» አለ ጥቁሩን እየመለሰ።

«ምን አሉ?»

«ቀለለ ነው የምልሽ።»

«ጥሩነቱ እኮ ቀላልነቱ ነው» አለች ሹክሪያ። ባየ በልቡ ሳቀ። ቀላል ቡና ይዞ የመጣ ሁሉ እንዲህ የሚመስል ነገር ይናገራል። ቢጫውን አነሳ። ከበደው። ደስ አለው።

ሹክሪያ ግን ደግ ሻጭ ናት፤ ያልሆነ ዕቃ ሰጥቶ መሸኘት አታውቅም። ልጅቷ ማንበብ ትችል እንደሆነ ጠየቀችው። ዓይኗ ደህና እንደሆነ፣ ቤታቸው መብራት ይቆይ እንደሆነ፣ ጨዋታ ትወድ እንደሆነ ወይስ መጽሐፍ ጠየቀችው። ጥያቄዎቹ ቀላል ነበሩ። ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ሳያስብ የሚመልሳቸው ናቸው። ባየ አንዱንም አያውቅም። የሰባት ቀበሌ ቡና ከነባለቤቱ ጠባይ የሚያውቀው ሰው አንዲት ልጅ መጽሐፍ ትውደድ ጨዋታ አያውቅም።

«ስንት ዓመቷ ነው ታዲያ?»

ባየ ቁጥር አልተናገረም። እጁን ወደ ቀበቶው አጠገብ ዝቅ አድርጎ አቆመና «ይሄን ታህላለች» አለ። እጁ የቆመው በመጨረሻ ያያት ቀን ጭንቅላቷ የነበረበት ቦታ ላይ ነው።

«ውይ፣ ገና ሕፃን ናታ! እንግዲያማ ቢጫው ነው» አለች ሹክሪያ፣ ተገላግላ። ታብሌቱን ከፍታ ስም ጠየቀችው፣ ረድኤት አላት። ጻፈች። ቀጥሎ የተወለደችበትን ዓመት እንደሚጠይቅ ነገረችው። ጣቷ ስክሪኑ ላይ ተንጠልጥሎ ጠበቀ። ገበሬዎቹም መጠበቅ የጀመሩ መሰለው።

«አባቷ ነዎት አይደል?»

«አጎቷ ነኝ» አለ ባየ።

እንዴት ከአፉ እንደወጣ እሱም አያውቀውም። አጎት የልደት ዓመት ባያውቅ ማንም አይፈርድበትም። ለማን ትገዛለህ ሲሉት ሌላ ስም የሚጠራው ምላሱ ቀድሞት ሮጠ። ሹክሪያ «ግድ የለም፣ ስድስት ዓመት ብዬ ልሙላው» አለች። ሙዪው አላት። ከዚያ ከልቧ ደግነት ተነስታ፣ ታብሌቱ ሲከፈት ፊት የሚመጣ ጽሑፍ ጨመረችበትና ጮክ ብላ አነበበችለት፤

«ለረድኤት፣ ከአጎትሽ... ስምዎን ማን ልበል?»

ግድግዳውን ከተደገፉት አንዱ ቀድሞ መለሰላት። «ጋሽ ባየ ናቸዋ! አጎት ማለት እንዲህ ነው፣ የኔ ወንድም ለልጆቼ ብዕር እንኳ ገዝቶላቸው አያውቅም።»

ባየ አጥፊው ማለት ይችል ነበር። እኔ አባቷ ነኝ ማለት ይችል ነበር። ጭብጥ ቡና ይዞ ሲፈርድባቸው የኖረ ሰው በእነሱ ፊት እንዲህ ማለት አልቻለም። ሹክሪያ ዕቃውን በሚያብረቀርቅ ወረቀት ጠቀለለችው፣ ቀይ ሪባን አሰረችበት፣ አላህ ይባርክላት ብላ ሰጠችው።

ዓርብ ጠዋት ከእንድርያስ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጉዞ ጀመረ። ጉሙ ዛፎቹን እስከ ወገባቸው ውጧቸዋል፤ መንገዱ ዳር ያለው አረንጓዴ ሁሉ ከውስጡ መብራት እንደበራለት ያበራል። ባየ ይህን አላየም። ጭኑ ላይ ያለውን ጥቅል ነው የሚያየው። ሚዛን ሲደርስ ስልክ ከሚጠግን ወጣት ሱቅ ደጃፍ ቆመ። አንዲት ቃል ማስቀየር ብቻ ነው። ወጣቱ ምን ልሥራልዎት አለው። ባየ «ሰዓት ስንት ሆነ?» ብሎ ጠየቀ፤ ሲነግረው አመስግኖ ሄደ።

አጸደ የምትኖረው አማን፣ በወይዘሮ ማናልሞሽ ግቢ ተከራይታ ነው። ባየ በሩን ገፋ ሲያደርግ አንዲት ረጅም ልጃገረድ ጣራው ሥር እርጥብ ልብስ ስታሰጣ አገኘ።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ፣ የአጸደ ቤት ይሄ ነው? ረድኤት የምትባል ሕፃን ነበረቻት።»

ልጃገረዷ እጇ ላይ ያለውን አንሶላ ሳታሰጣ ቆየች። ረጅም ጊዜ አየችው። የማታውቀውን ሰው እንደምታይ አልነበረም።

«እኔ ነኝ» አለች። «ይግቡ።» ከዚያ ወደ ውስጥ ዞራ «እማዬ፣ እንግዳ መጣ» አለች።

ባየ የራሱን ልጅ የት አለች ብሎ ራሷን ጠይቋታል። ትከሻው ድረስ ትደርሳለች። እንዴት ይሆናል? እግሩ ወደ ውስጥ ገባ እንጂ እሱ በሩ ላይ የቀረ መሰለው።

አጸደ አልጮኸችም፣ አልወቀሰችም። ወንበሩን በእጇ ጠረግ አድርጋ ተቀመጥ አለችው። በጤና ጣቢያ ልብስ አጣቢ ናት፤ እጇ ነጥቶ ቆዳው ተጨማዷል። ባየ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ ተናገረ። ቀጥሎ ነገ መድረክ ላይ ከልጁ ጋር ለመቆም እንደመጣ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት።

«እኔን አትጠይቀኝ» አለች አጸደ። «መድረኩ የእሷ ነው፣ እሷን ጠይቃት።»

ባየ ግን ከመጠየቁ በፊት ስጦታውን አቀረበ። ረድኤት በሁለት እጇ ተቀበለች፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አለች፣ እንደ ወጉም እንግዳው ፊት ሳትፈታ ቁም ሳጥኑ ላይ አኖረችው። ባየ እፎይ አለ። እሱ ከሄደ በኋላ ያዩታል፤ ቢያንስ ፊታቸውን አያይም።

ወይዘሮ ማናልሞሽ የገቡት ያን ጊዜ ነው። እንግዳ የገባበት ቤት ሳይገቡ ውለው አያውቁም፤ ባየንም ከድሮ ያውቁታል።

«አንተ ባየ! በሕይወት አለህ እንዴ? እኛ እኮ ተዝካርህን ልናወጣ ነበር።» ተቀመጡ። ዓይናቸው ሪባኑ ላይ አረፈ። «ይሄ ምንድን ነው? ፍቺውና እንየው እንጂ።»

ረድኤት በኋላ እፈታዋለሁ አለች።

«በኋላ እኔ ልሙት ልኑር ምን አውቄ። ፍቺው።»

የሴትዮዋን ቃል ማለፍ በዚያ ግቢ አልተለመደም። ረድኤት ወረቀቱን እንዳይቀደድ ተጠንቅቃ ፈታች። ቢጫው ጎማ ወጣ፣ ሁለቱ ጆሮዎች ወጡ፣ መያዣው ወጣ።

«ዝሆን ነው?» አሉ ማናልሞሽ። «ለየትኛዋ ረድኤት ነው ያመጣኸው? የዚህን ሰፈር ሰው የመድኃኒት ወረቀት ሁሉ የምታነብልን እኮ ይቺ ናት። ሰባተኛ ክፍል ናት ይቺ! ጡጦ ጨምረህላት ቢሆን ጥሩ ነበር።» ሳቁ ግቢው ድረስ ተሰማ። አጸደ አልሳቀችም። ረድኤትም አልሳቀችም። ባየ ሰባተኛ ክፍል መሆኗን ያወቀው ያኔ ነው፤ ያውም በሳቅ መካከል።

ረድኤት ምናልባት ሳቁን ለማስቆም ብላ ማብሪያውን ተጫነች። ስክሪኑ በራ። ጽሑፉ በትልልቅ ፊደል ወጣ። ረድኤት አነበበችው፤ ቅንድቧ ትንሽ ተሰብስቦ ተመለሰ። ባየ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ወደደ።

«ምን ይላል?» አሉ ማናልሞሽ። «መነጽሬን አልያዝኩም።» መነጽር ኖሯቸው አያውቅም፤ ማንበብም አይችሉም፤ ግቢው ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አይናገርም።

ረድኤት ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ፣ ክፍል ውስጥ እንደምታነብ ተማሪ ጥርት ባለ ድምፅ አነበበች፤

«ለረድኤት፣ ከአባትሽ ከባየ።»

ወዲያው ታብሌቱ የሕፃን መዝሙር ጀመረና ሀ ሁ ሂ አለ። ማናልሞሽ ባርከው፣ ዝሆኑንም ጆሮውን ሳብ አድርገው ወጡ። አጸደ ሻይ ልጣድ ብላ ተነሳች። ጽሑፉን አይታው ይሆን? ባየ ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። ሻዩን ሳይጨርስ ልሂድ አለ።

እንግዳ ይሸኛልና ረድኤት እስከ ዋናው መንገድ ሸኘችው። ዝናቡ ለጊዜው አቁሟል፤ ከኮባው ቅጠል ላይ ግን ገና ይንጠባጠባል። ባየ ጥቂት ከተራመዱ በኋላ ቆመ።

«ለባለሱቋ አጎቷ ነኝ ያልኳት እኔ ነኝ» አላት።

«ገብቶኛል።»

«የተወለድሽበትን ዓመት ጠየቀችኝ። አላወቅሁትም።»

ረድኤት ዓመቱን ነገረችው። ወሩንም ቀኑንም ጨመረች፤ ቃል እንደሚያጽፍ መምህር ቆጥራ፣ ረጋ ብላ ነገረችው። «ጎማው ይወልቃል» አለች። «ውስጡ ያው ታብሌት ነው። ዓመቱን አስተካክለዋለሁ።»

ባየ እንዲህ ያለ ምሕረት ጠብቆ አያውቅም። «በሴትዮዋ ፊት ያዳንሽኝ...» ብሎ ጀመረ።

«እርስዎን ብዬ አይደለም» አለች ረድኤት። ክፋት የለበትም፤ እውነቱን ነው የምትነግረው። «እትዬ ማናልሞሽ ለሰፈሩ ሁሉ ያወሩታል። የምታፍረው እናቴ ነበረች።»

ስለ መድረኩ ገና አልጠየቃትም፤ እሷ ቀደመችው።

«ነገ አብራኝ የምትወጣው እናቴ ናት። ሁልጊዜም እሷ ናት።» ከዚያ ጨመረችለት። «ከፈለጉ መምጣት ይችላሉ። ወላጆች ከኋላ ይቀመጣሉ።»

ቅዳሜ ጠዋት ባየ ካደረበት አልጋ ቤት ተነስቶ በቀጥታ ወደ መናኸሪያ ሄደ። የቴፒ ሚኒባስ ሊሞላ ጥቂት ሰው ቀርቶታል። ገብቶ ተቀመጠ። የጠየቀው ተከልክሏል፣ ስጦታውን ሰጥቷል፤ ከዚህ በላይ ምን ይጠበቅበታል? ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል አንድ ሐሳብ መጣበት። ዛሬ ቢቀር ልጅቷም እናቷም አይደነቁም። አይቆጡም፣ አይፈልጉትም፣ ሽልማቱም በሰዓቱ ይሰጣል። አለመምጣቱን ለምደውታል። ፊቱ ጋለ። «ወራጅ አለ» አለ።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ረድኤትን ከጓደኞቿ ጋር ቆማ አገኛት። አየችው። አልሮጠችም፣ ፈገግም አላለች። መጥታ ጃንጥላዋን ሰጠችው፤ «ይያዙልኝ፣ መድረክ ላይ ይዞ መውጣት ያስቸግራል» አለችው፣ ተመልሳም ወደ ሰልፏ ገባች።

ባየ ከወላጆቹ ኋላ፣ ከመጨረሻው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ርዕሰ መምህሩ ከታች ክፍል ጀምረው ጠሩ። ሰባተኛ ክፍል ሲደርሱ «ረድኤት ባየ» አሉ፤ ድምፁ በድምፅ ማጉያው ግቢውን ዞሮ ተመለሰ። ስሙ ያለ እሱ ላብ፣ ያለ እሱ ጥቅም ለዓመታት አንደኛ ሲወጣ ኖሯል። ሰው በገዛ ስሙ ባለዕዳ ይሆናል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር። አጸደ ነጠላዋን አስተካክላ ከልጇ ጋር ወጣች፤ የነጣው እጇ የልጇ ትከሻ ላይ ነበር። ሰው አጨበጨበ። ባየ ከሁሉ ዘግይቶ አጨበጨበ፣ ጃንጥላውን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ።

ሽልማቱ እንዳለቀ ዝናቡ እንደ ሚዛን ዝናብ በአንድ ጊዜ ወረደ። ሕዝቡ ወደ ክፍሎቹ ጣራ ሥር ተሯሯጠ። ባየ አግዳሚው አጠገብ ቆሞ ቀረ። እጁ ላይ ጃንጥላ አለ። ያዝልኝ ነው የተባለው፤ ዘርጋው አልተባለም። ውሃው በአንገቱ ሲወርድ፣ በኮቱ እጅጌ ሲገባ ዝም ብሎ ቆመ። ከጣራው ሥር ሰዎች እየተጠቋቆሙ አዩት።

ረድኤት የተሸለመቻቸውን ደብተሮች በእናቷ ነጠላ ሥር ደብቃ ከተወች በኋላ ዝናቡን ሰንጥቃ መጣች። ከእጁ ወስዳ ዘረጋችው። «ለምን አልዘረጉትም?» አለችው። ምክንያቱን ሊነግራት ሞከረና አፈረ፤ ራሱን ነቀነቀ ብቻ። ወደ አጸደ ተመለሱ። ጃንጥላው ትንሽ ነው፣ ለሦስት አይበቃም። ረድኤት መሐል ገብታ ወደ እናቷ አዘነበለችው።

ጭቃውን እየመረጡ ወደ አማን ተጓዙ። የባየ ግማሽ ትከሻ ውጭ ነበር፤ ውሃው ይወርድበታል። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ጠጋ ይበሉ አለችው። ጠጋ አላለም። ጥቂት እንደሄዱ፣ ድምፁ ከዝናቡ በላይ እንዲሰማ አድርጎ፣ ከሁሉ ትምህርት የምትወጂው የትኛውን ነው ብሎ ጠየቃት። ረድኤት መመለስ ስትጀምር ቃል እንዳያመልጠው ጎንበስ አለ።